የጎደለችው ፊደል

አያቴ የአማቷን ስም ጠርታ አታውቅም ነበር። ስሙን ብቻ ቢሆን ብዙም አይደንቅም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ነው የማትናገረው። በከምባታ፣ በሐድያና በሲዳማ ባገቡ ሴቶች ዘንድ የቆየው ይህ ልማድ ባሊሻ ይባላል። ያገባች ሴት በባሏ አባት ስም መነሻ ድምፅ የሚጀምረውን የዕቃውን፣ የእህሉን፣ የከብቱን ስም ትታ፣ ሴቶቹ በሚያውቁት ሌላ ቃል ትጠራዋለች። ክረምት ክረምት ዱራሜ ስንወሰድ እኔ የከተማ ልጅ ነበርኩና ቋንቋው ራሱ በቅጡ አይገባኝም። አያቴ አንዱን ነገር አክስቶቼ ከሚጠሩት በተለየ ስም ለምን እንደምትጠራው ስጠይቅ ይስቁብኝ ነበር።

ኋላ ሲገባኝ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ቅድመ አያቴን አላየሁትም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ፎቶግራፍ እንኳ የለውም። በዚያ ቤት ውስጥ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይታወሳል። አያቴ አንዱን ቃል ዘላ ሌላ ባነሣች ቁጥር እርሱ እዚያ አለ። (ሸክሙ በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ ልማድ ነውና ይመለስ አልልም። ዛሬ እየቀረም ነው።)

ይህን ያነሣሁት ስለ ልቦለድ ልጽፍ ፈልጌ ነው። ማንም ሳያስገድዳቸው ይህን የመሰለ ክልከላ በራሳቸው ብዕር ላይ የሚጥሉ ደራሲዎች አሉ። «በዚህች ፊደል አልጠቀምም»፣ «ከሃምሳ ቃል አላልፍም» ብለው ይነሡና ታሪክ ይጽፋሉ። ባለፈው ክረምት ለወጣቶች ኅብረታችን የጽሑፍ ትምህርት ስሰጥ ስለ እነርሱ አነሣሁ። አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ ሥራ ፈትተው ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓመት ሙሉ ሳወጣ ሳወርደው ቆይቻለሁ። መልሴን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን በዚህችው መጽሔት ላይ ከሠራሁት ስሕተት ነው። ወደዚያ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን መጽሐፉን እንይ።

ዦርዥ ፔሬክ እ.ኤ.አ. በ1936 ፓሪስ ተወለደ። ወላጆቹ ከፖላንድ የፈለሱ አይሁድ ነበሩ። አባቱ ለፈረንሳይ ጦር ዘምቶ በ1940 ሞተ። እናቱ ልጇን በቀይ መስቀል ባቡር አሳፍራ ጀርመኖች ወዳልያዙት ክፍል፣ ወደ ተራራው አገር ላከችው። እርሷ ግን ፓሪስ ቀርታ በ1943 መጀመሪያ ተያዘች፤ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ወደ አውሽቪትዝ ተጫነች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። መቃብር የላትም። ከጦርነቱ በኋላ ለቤተሰቡ ከመንግሥት የተሰጠው የሞት ወረቀት አልነበረም፤ የመጥፋት ወረቀት ነው፤ በፈረንሳይኛ «ዲስፓሪስዮን» የሚል። ልጁን የአባቱ እህት አሳደገችው።

ይህ ልጅ ጎልምሶ በ1969 አንድ ልቦለድ አሳተመ። ርዕሱ «ላ ዲስፓሪስዮን» ነው፤ መጥፋት እንደ ማለት። ሦስት መቶ ገጽ ገደማ በሆነው መጽሐፍ ውስጥ እንግሊዝኛ ስንማር «ኢ» ብለን የጠራናት አምስተኛዋ የላቲን ፊደል የለችም። በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ከሁሉ አብዝታ የምትታየው ፊደል እርሷ ናት። በሽፋኑ ላይ ካለው ከደራሲው ስም በቀር የትም አትገኝም፤ በስሙ ውስጥ ግን አራት ጊዜ አለች።

ታሪኩ አንቶን ቮይል በሚባል እንቅልፍ ባጣ ሰው ይጀምራል። ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ተጋድሞ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። አንድ ቀን ራሱ ይጠፋል። ወዳጆቹ ሊፈልጉት ይነሣሉ፤ የጎደለውን ነገር ለማወቅ የተቃረበ ሁሉ በየተራ ይሞታል። ምዕራፎቹ እስከ ሃያ ስድስት ይቆጠራሉ፤ ከአራት ቀጥሎ ግን ስድስት ይመጣል። አምስተኛው የለም። ልቡ ላለ ሰው ምልክቱ በየቦታው ተቀምጧል። ሆኖም መጽሐፉ እንደወጣ ሂስ ከጻፉበት ሰዎች አንዱ ፊደሏ መጥፋቷን ሳያስተውል ጽፎ አለፈ ይባላል። በዚያ ሃያሲ ለዓመታት ስቄበት ነበር። አሁን አልስቅበትም።

እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም። ያነበብኩት ጊልበርት አዴር በ1994 «ኤ ቮይድ» ብሎ ያወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ እርሱም ያችኑ ፊደል ሳይነካ ሦስት መቶ ገጽ ተርጉሟል። እውነቱን ልናገር፤ መጽሐፉ ቀላል አይደለም። መሐሉ ላይ ዝርዝሩ፣ ቀልዱ፣ የቃል ጨዋታው ይበዛና ሰውየው ብልሃቱን ሊያሳየን ብቻ የተነሣ ይመስላል። ሁለት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ያነሣሁት ደራሲው በ1975 ስለ ልጅነቱ የጻፈውን ሌላ መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ነው። ያን መጽሐፍ መታሰቢያ ያደረገው ለማን መሰላችሁ? ለአንዲት ፊደል፤ ለዚያችው። የፊደሏ ስም በፈረንሳይኛ ሲጠራ «እነርሱ» ከሚለው ተውላጠ ስም ጋር ይመሳሰላል። እነርሱ እነማን እንደሆኑ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ይዞ ወደ ልቦለዱ የተመለሰ አንባቢ ሌላ መጽሐፍ ነው የሚያገኘው። ያለዚያች ፊደል በፈረንሳይኛ «እናት» ተብሎ አይጻፍም። «አባት»፣ «ወላጆች»፣ «ቤተሰብ» አይጻፍም። «እኔ» እና «እርሷ» አይጻፍም። የራሱን ስም እንኳ መጻፍ አይችልም። ሰውየው እናቱ ባልተቀበረችበት ዓለም ላይ ለቅሶ መቀመጥ አልቻለም፤ ስለዚህ «እናት» የሚለው ቃል ራሱ ሊኖር የማይችልበት ሦስት መቶ ገጽ ሠራ። አንድም ጊዜ «እናቴን አጣሁ» አይልም። ቀልዱና ዝርዝሩ ያደከመኝ ያን ጊዜ ለምን እንደበዛ ገባኝ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ዝም ማለት ያቃተው ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው።

ፔሬክ ብቻውን አልነበረም። ሬሞን ኬኖ የተባለ ጸሐፊና ፍራንስዋ ለ ልዮኔ የተባለ የሒሳብ ወዳድ በ1960 ፓሪስ ውስጥ ኡሊፖ የሚባል ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሰዎች ተሰብስበው ለጽሑፍ አዳዲስ ሕጎች የሚፈጥሩበት። ፔሬክ በ1967 ገባ። ማኅበሩ ብዙ የሚያዝናና ነገር አፍርቷል፤ አብዛኛው ግን ከጨዋታ አያልፍም። ጨዋታ መሆኑ ኃጢአት አይደለም። ዶክተር ሱስ አሳታሚው በሃምሳ ቃላት ብቻ መጽሐፍ አትጽፍም ብሎ ስለተወራረደው በ1960 ያወጣትን የልጆች መጽሐፍ እኔም ለልጄ አነብላታለሁ፤ ሁለታችንም ይጥመናል።

ቅር የሚለኝ ሌላ ዓይነት ነው። ኧርነስት ቪንሰንት ራይት የተባለ አሜሪካዊ በ1939 «ጋድስቢ» የሚል ልቦለድ አሳተመ፤ ከሃምሳ ሺህ ቃላት በላይ ያለው፣ ከፔሬክ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ያችኑ ፊደል ያስወጣ። ፊደሏ እንዳታመልጠው የጽሕፈት መኪናውን ቁልፍ አስሮት ነበር። በእንግሊዝኛ የኃላፊ ጊዜ ግሥ በብዛት የሚጨርሰው በዚያች ፊደል ስለሆነ ብዙ ተቸግሯል። ቁጥሮቹም አሉ፤ በእንግሊዝኛ ከሰባት እስከ ሃያ ዘጠኝ ያለው ቁጥር ሁሉ ፊደሏን ይይዛል። መጽሐፉ ደግሞ ስለ ምንድን ነው? አንድ ጎልማሳ የከተማውን ወጣቶች አስተባብሮ ከተማዋን ስለማሳደጉ! ስለ ወጣቶች የተጻፈ መጽሐፍ የአንዱንም ወጣት ዕድሜ መናገር አይችልም። ሰውየው ይህን እንደ ችግር ቆጥሮ ዞሮ አለፈው፤ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ግን አልጠየቀም። የእርሱ ፊደል ከታሪኩ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። ሌላ ፊደል ቢያስወጣም መጽሐፉ ያው ነበር። ሥራው ያስደንቃል፤ ነገር ግን የሚያስደንቀው አንድ ሰው በአንድ እግሩ ከአዲስ አበባ አዳማ ሄደ እንደ መባል ነው።

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣስ? ክልከላ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት እንደሚያልቅ፣ መወድስ ስምንት ቤት እንደሚፈልግ ያውቃል። በልቦለድ ግን ብዙም አልሞከርነውም። ፊደላችንም ከላቲኑ ይለያል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ምኑን እናውጣ? ሳድሱን ሁሉ ካወጣን መናገር አንችልም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። «አበበ በሶ በላ» ውስጥ አንድም ሳድስ የለም። ሁላችንም አንደኛ ክፍል ሳናውቀው ኡሊፖ ገብተን ወጥተናል! «ጌታ መጣ»ም እንዲሁ። ከዚያ ያለፈ ታሪክ ለመጻፍ ግን መከራ ነው።

የስፔን ተርጓሚዎች የፔሬክን መጽሐፍ በ1997 ሲያወጡ «አ»ን ነው ያስቀሩት። በስፔንኛ አባትም፣ እናትም፣ ቤትም፣ ቤተሰብም ያቺ ድምፅ አለችባቸው። ማንም ሰው አንድ ቀን ወደ አማርኛ ቢመልሰው የትኛዋን ማስወጣት አለበት? እኔ «እ» እላለሁ። ክፍል ውስጥ ይህን ብዬ በ«እ» የሚጀምሩ ቃላትን ንገሩኝ አልኳቸውና ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እናት። እህት። እኔ። እኛ። እንጀራ። እሳት። እጅ፣ እግር። እንቅልፍ። እንባ። እውነት። እምነት። አንዱ ከኋላ «እሺ!» አለና ሁሉም ሳቀ። ከዚያ አንዲት የመዘምራን ቡድን ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «እግዚአብሔር» አለች። ሳቁ ቆመ። «ጋሼ፣ ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ የክርስቲያን ታሪክ ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ፈጠን ብዬ «ጌታ የሚለው አለ፤ አምላክም ኢየሱስም ይቀራሉ» አልኳት። ልክ ነው፤ ግን የጠየቀችውን አልመለስኩም።

ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ነገሩ ከቃላት ያልፋል። «እ» በሰዋስዋችን ውስጥ ሥራ አላት። እርሷ ከሌለች «እሄዳለሁ»፣ «እመጣለሁ»፣ «እወድሻለሁ» ማለት የለም። «ሄድኩ»፣ «መጣሁ» ግን ይቻላል። «አልሄድም»፣ «አልመጣም»ም ይቻላል። ስለ ራሱ የሚተርክ ሰው ያለፈውን መናገርና እምቢ ማለት ይችላል፤ ቃል መግባት ግን ሲፈልግ መንገዱ ይጠብበታል። «ልሂድ» ይላል፤ «እንሂድ» ማለት አይችልም። በ«አ» የሚጀምሩ ግሦች ግን ያመልጣሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ተመልከቱ፤ አውቃለሁ፣ አያለሁ፣ አስታውሳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ አምናለሁ፣ አመሰግናለሁ። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። «እንደ»ም አይኖርም፤ ማለትም ይህን እንደዚያ እያሉ ማነጻጸር ይቀራል። ለእኛ መጽሔት ከሚላኩ ታሪኮች «እንደ» ቢወጣ ግማሹ ገጽ ባዶ ይሆናል፤ ዓይኗ እንደ ንጋት ኮከብ፣ ልቡ እንደ ሰም። ሸክሙ የተራገፈለት፣ ሰላም የወረሰው፣ ልቡ የተነካ ሰውም በየታሪኩ መጨረሻ አለ። እነዚህ ቃላት ውሸት አይደሉም። ብዙ እጅ ከመንካቱ የተነሣ ጽሑፋቸው የጠፋ ሳንቲሞች ግን ሆነዋል።

ከዚያ ትምህርት በኋላ ብዙ ታሪክ መጣልን። አንዱ «ነው» የሚለውን ቃል ሳይጠቀም ጽፏል። አንዷ ዓረፍተ ነገሮቿን በሀ ሁ ሂ ተራ ጀምራቸዋለች፤ ሰባተኛው ላይ ደርሳ «ሆድ» ከሚል ቃል ጋር ስትታገል ያሳቃል። ጥሩ ጨዋታ ናቸው፤ ከጨዋታ ያለፈ አላየሁባቸውም። አንዱ ልጅ ደግሞ ስለ ክልከላ ምንም ሳይናገር አራት ገጽ ታሪክ ላከ። ከዚህ በታች የምጽፈውን የምጽፈው በፈቃዱ ነው።

ታሪኩ ለሥራ ቤይሩት ስለሄደች ታላቁ ነው። እንዲህ ይጀምራል፦ «ታላቄ የሄደችው ማክሰኞ ነው። ሻንጣዋን ተሸክሜ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ሁለት ዓመት ብቻ ናት አለችኝ።» ቀጥሎ የሚመጣው ስልኩ ነው፤ በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ይሆናል፤ ከዚያ ይቀራል። ወላጃቸው በየሰንበቱ ቡና ስታፈላ አንዲት ሲኒ ትርፍ ትቀዳለች። ማንም ስለ ሲኒዋ አይናገርም። ልጁ በየአንቀጹ «አስታውሳለሁ» ይላል። ያልቃል።

የማርመው እኔ ነበርኩ። ደረቅ መሰለኝ። ለምን «እህቴ» ሳይል «ታላቄ» ይላል? ለምን «እናታችን» ሳይል «ወላጃችን»? ጠርዙ ላይ በቀይ ብዕር «ልጅቷ ስትሄድ እመለሳለሁ ማለት የለባትም? አንባቢ ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩበት። ሳይመልስልኝ ቀረ፤ የሕትመቱም ቀን ደረሰ። መጨረሻውም ከበደኝ፤ ይህን የሚያነቡ ወጣቶች ተስፋ ይፈልጋሉ፣ ሽማግሌዎቻችንም ምን ይላሉ ብዬ አራት መስመር ጨመርኩበት። እግዚአብሔር እንባን እንደሚያብስ፣ እህቱም እንደምትመለስ እንደሚያምን። በልጁ ስም ታተመ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠብቆ ያዘኝ። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ የመጨረሻዋ አንቀጽ የኔ አይደለችም» አለ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «አይ፣ ችግሩ እሱ አይደለም፤ ይቁጠሩ» ብሎ መጽሔቷን ሰጠኝ። ያን ጊዜም አልገባኝም። ራሱ በጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ። እኔ በጨመርኩት አራት መስመር ውስጥ «እ» ሰባት ጊዜ አለች። እርሱ በጻፈው አራት ገጽ ውስጥ አንድም የለችም። እኔ ነኝ ሕጉን ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት! በድምፅ ሄዶ ዓይኗን «ዕ»ንም ጭምር ከልክሏታል፤ «ዕቃዋን» ማለት ሲገባው «ሻንጣዋን» ያለው ለዚህ ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸው ቃላት በሙሉ ጎድለው ሳለ ያየሁት ድርቀቱን ብቻ ነው።

ለምን «እ»ን እንደመረጠ ጠየቅኩት። ታላቁ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከመዝጋቷ በፊት ያለችው አንድ ቃል ነው፤ «እመለሳለሁ»። «ያን ቃል በኔ ታሪክ ውስጥ ማንም እንዲለው አልፈለግኩም» አለኝ። እኔ ደግሞ በገዛ አፉ አስገባሁበት።

የመዘምራኗን ልጅ ጥያቄ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። መልሱ በእጃችን ባለው መጽሐፍ ውስጥ ሳለ «ጌታ የሚለው ይቀራል» ብዬ አለፍኳት። በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር ውስጥ፣ በአሥሩም ምዕራፍ፣ የእግዚአብሔር ስም የለም። ሆን ተብሎ ነው አይደለም የሚለውን ምሁራን ይከራከሩበታል። እኔ መጽሐፉን እንደ ጽሑፍ ሳነበው በአጋጣሚ ነው ብዬ ማመን አልችልም፤ ስሙ በተፈጥሮ መምጣት ያለበት ቦታ ሁሉ በጥንቃቄ ተዘሏል። አስቴርና ሕዝቧ ሦስት ቀን ይጾማሉ፤ ጸሎት የሚል ቃል ግን አይመጣም። መርዶክዮስ አንቺ ዝም ብትዪ እርዳታ ከሌላ ስፍራ ይመጣል ይላታል፤ ከየት እንደሆነ አይናገርም። በስድስተኛው ምዕራፍ ንጉሡ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ማን ነሣው? አይነገርም። (የፔሬክም ታሪክ እንቅልፍ ባጣ ሰው ነው የሚጀምረው። ያሳደገችውም አክስቱ ስሟ አስቴር ነበር። ከዚህ ምንም አልደመድምም፤ ገርሞኝ ነው።) ንጉሡ ግን በየመስመሩ ይጠራል፤ ንጉሥ፣ ንጉሥ፣ ንጉሥ። ለስደተኛ አይሁድ ዓለም የምትመስለው እንደዚህ ነው፤ የገዢው ስም በየአደባባዩ፣ የእግዚአብሔር ስም የትም። ያን የማያውቅ አንባቢ የመጽሐፉ ፍርሃት አይገባውም፤ አስቴር ሳትጠራ ወደ ውስጠኛው አደባባይ ስትገባ ምን ይዛ እንደገባችም አይገባውም።

ኋላ ወደ ግሪክ የመለሱት ሰዎች ይህን ዝምታ አልቻሉትም። ከመቶ የሚበልጡ ቁጥሮች ጨመሩበት። መርዶክዮስ ይጸልያል፣ አስቴር ትጸልያለች፤ የንጉሡንም እንቅልፍ የወሰደው ጌታ እንደሆነ ይነገራል። ጸሎቶቹ ያማሩ ናቸው፤ ያነበባቸው ሰው አይጸጸትም። የጨመሩትም ከእምነት ተነሥተው እንጂ በክፋት አይደለም። በጉድጓዱ ላይ ግን በትክክል አፈር መልሰውበታል። እኔም በቀይ ብዕሬ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ የእኔ አራት መስመር ደግሞ እንደ እነርሱ ያማረ አልነበረም።

የልጁን ታሪክ አሁን ሳነበው ከፔሬክ መጽሐፍ ጋር አንድ መደብ አስቀምጠዋለሁ፤ በችሎታ አላመሳስለውም፤ የጎደለችው ፊደል ግን በሁለቱም የምታመለክተው አንድ ሰው አለ። ድክመትም አለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ክልከላው ጉልበት አሳጥቶት «ሆነና»፣ «ሆኖም» ይደጋግማል። «ወላጃችን» የሚለው መጀመሪያ ላይ ይጎረብጣል፤ እኔ ግን አሁን ልቀይረው አልፈልግም፤ ልጁ በገዛ ቤቱ እናቱን በስሟ መጥራት ሲያቅተው ይሰማኛልና። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሲኒዋ ናት። ታሪኩ ውስጥ «እንደ» የለምና ሲኒዋ የምንም ምሳሌ አልሆነችም። ሲኒ ናት። ትቀዳለች፤ ትቀዘቅዛለች፤ ትታጠባለች።

ሽማግሌዎቻችንን ፈርቼ እንደነበር ጽፌያለሁ። ከስሕተቱ በኋላ ዋናውን ቅጂ ለአንዱ አባት ወስጄ አስነበብኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝና ስልክ ቁጥሩን ወሰዱ። ስለ መጨረሻው አንቀጽ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በዚህ እትም ታሪኩ ልጁ እንደጻፈው እንደገና ታትሟል። የእኔ አራት መስመር ወጥታለች። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነበው አንዲት «እ» እንዳመለጠችው ራሱ ደርሶባታል፤ በመጀመሪያው ቆጠራችን ሁለታችንም አላየናትም ነበር። ላስተካክላት ብዬው ነበር፤ ተዋት አለኝ። የት እንዳለች ያገኘ ይጻፍልን።